ባለቀይ ምልክቱ ካቻቢቴ

የቆርቆሮ ግድግዳ ምስጢር አይጠብቅም። ግራሶ ማለዳ ተነስታ ከጓሮው በርሜል ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች የአባቷ ድምፅ ከመኝታ ቤቱ ጥርት ብሎ ደረሳት። «ቁልፉን ለሱ ልሰጠው ነው» አለ። የእናቷ መልስ አልተሰማም፤ እናትየው ጠዋት ጠዋት የምታወራው ለትራሷ ነው። «ለሱ ካልሰጠሁት ይሄዳል። እንደ አምናው አንድ ቀን ተነስቶ ድራሹ ይጠፋል። እሷ እንደሆነች የትም አትሄድም።» ግራሶ በመዳፏ የያዘችው ውሃ በጣቶቿ መሃል ተንጠባጥቦ አለቀ፤ ደግማ አልቀዳችም። በንግግሩ ውስጥ ክፉ ቃል ፈልጋ አጣች። አባቷ አልሰደባት፣ አላማት፤ እንዲያውም የተማመነባት መስሎት ነው እንዲህ ያለው። የትም የማይሄድ ግን ቁም ሣጥን ነው፣ የጓሮ በርሜል ነው። ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ቤት ተመለሰች።

ግራሶ ብሎ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ሞተር ሳይክል ጠጋኝ የሆነው አባቷ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጋራዡን የያዘችው እሷ ናት፤ ጥፍሮቿ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙናም በቤንዚንም አልለቅ ብሎ ስም ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ስድብነቱ ተረሳ። እኩዮቿ ለሰርግ ጥፍራቸውን ሲቀቡ እሷ እጇን ኪሷ ከትታ ትቆማለች። ጋራዡ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር የተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ የቤቱም መውጫ የሆነው የብረት በር ደግሞ ሲከፈትም ሲዘጋም ሰፈር እስኪሰማ ያቃስታል። ጥግ ላይ የአባትየው የመሣሪያ ሣጥን አለ፤ የሱ ቁልፍ በክር ታስሮ ከግራሶ አንገት አይወርድም፤ ቁልፉን የያዘ ጋራዡን ያዘ ማለት ነው። አባትየው ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ስፖንጁ በወጣ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። የሚያየው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው። ጆሮው ግን የትኛው ብሎን እንደላላ ሞተሩ ሲነሳ ይነግረዋል፤ አፍንጫውም ቤንዚን ከየት በኩል እንደሚንጠባጠብ ይለያል። በደረት ኪሱ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ በወጣትነቱ የሠራት አጭር ካቻቢቴ ተሰክታለች።

ቁርስ ሻይና ዳቦ ነው። ጠረጴዛዋ ለአራት ሰው ስለማትበቃ አንዱ ሁልጊዜ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ያ አንዱ ግራሶ ናት። ታላቅ ወንድሟ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ሽቶውን ነስንሶ መጣ። ቦስ ይሉታል። አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ አንድ ሱቅ ከፍቶ አያውቅም፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቦስ ነው። የናት ሆድ ዥጉርጉር ነው እንዲሉ፣ እሷ ሰው ፊት ስትቀርብ አፏ ይተሳሰራል፣ እሱ ደግሞ ከድንጋይ ጋር ቢያስቀምጡት ድንጋዩን ያስቀዋል። ታክሲ ነዳ፣ ተወው። ጫማ ነገደ፣ ተወው። ሞባይል መጠገን ጀመረ፣ እሱንም ተወው። አንዱን ትቶ በመጣ ቁጥር ቤት የሚገባው እየሳቀ ነው፤ እናቱም እየሳቀች ትቀበለዋለች። ዘንድሮ ደግሞ «የአባቴን ሙያ ላነሳ ነው» አለና እናትየው የአንገት ሐብሏን ሸጣ የሚያብለጨልጭ የመሣሪያ ሣጥን ገዛችለት። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለግራሶ ይቀላት ነበር።

እናትየው ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ለግራሶ ሰጠች። ለወትሮው ትልቁ የቦስ ነው። ግራሶ ቁራሹን ስታይ፣ ጠዋት ያልተሰማት የእናቷ መልስ ምን እንደነበረ ገባት። ሁሉም ሻዩን እፍ ይላል። ማንኪያ ስኳር ሲያማስል እንኳ እንደ ጩኸት ነው የሚሰማው። በመጨረሻ አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቁልፉን ለወንድምሽ ስጪው፣ የኔ ልጅ።»

«የትኛውን ቁልፍ?» አለች፣ እያወቀች።

«ያንገትሽን ነዋ።»

ክሩን በራሷ በኩል አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ክሩ ከላብና ከዘይት ብዛት ጠቁሯል። ቦስ በሁለት ጣቱ አነሳው፤ ቁልፉን ፈትቶ፣ መኪና ሳይኖረው ይዞት በሚዞረው የመኪና ቁልፍ መያዣ ላይ አንጠለጠለና ክሩን ለሷ መለሰላት። «አይዞሽ እቱ፣ አብረን እኮ ነን» አላት ትከሻዋን መታ አድርጎ። እናትየው «ተባረኩ» አለች፤ አባትየው ሻዩን ጨለጠ። አንድ ጋራዥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተነገረው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ግራሶ ትልቁን ቁራሽ ሳትነካው ተነሳች።

ቀኑ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ አንድ ድርጅት አለ፤ ግቢው ሙሉ ሞተር ሳይክል ነው፣ ሁሉም የጃፓን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ለፈተና ይሁን ብሎ አንዱን ሞተር ልኮ ነበር። «ጥሩ ከሠራችሁት ሁሉንም አመጣለሁ። ካበላሻችሁት ግን ጋራዥ እንደሆነ አይጠፋም» ብሎ ነው የሄደው። ዛሬ መጥቶ ያየዋል። ፍሬኑም፣ ሰንሰለቱም፣ ጎማውም በግራሶ እጅ አልቋል፤ የቀረው ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈትቶ ማጠብ ነበር፤ እሱንም ከሞተሩ ላይ አውርዳ፣ በተረጋጋ እጅ ልሥራው ብላ ለዛሬ አሳድራዋለች። አባቷ ይህ ሥራ የመጣ ቀን «እሱን ካስገባሽልን ጋራዡ ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። እሷም ቃሉን እንደ ልብስ አጣጥፋ አስቀምጣ፣ ማታ ማታ እያወጣች ታየው ነበር።

የጃፓን ብሎን ነገሩ እንዲህ ነው። ራሱ ላይ መስቀል አለው፤ ማንኛውም ባለመስቀል ካቻቢቴ ይገባበታል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው መግባቱ ነው። የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ቀድሞ ወለሉን ይነካል፣ ጎኖቹ መስቀሉን ሳይሞሉት ይቀራሉ። ለላላ ብሎን ችግር የለውም። የጠበቀ ሲሆን ግን፣ ኃይል በጨመሩ ቁጥር ወደ ላይ እየተንሸራተተ የመስቀሉን ጠርዝ ይበላዋል፤ ጠርዙ አንዴ ከተበላ ያ ብሎን መሆኑ ቀርቶ ምስማር ሆነ ማለት ነው። ልኩ የሆነው ካቻቢቴ ጫፉ ደፍጠጥ ያለ ነው፤ መስቀሉን ሞልቶ ቁጭ ይላል። ብሎኑ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ጃፓንነቱን አይደብቅም፣ ከመስቀሉ አጠገብ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለችው። በአባትየው የጉብዝና ዘመን እንዲህ ያለ ካቻቢቴ በገበያ አልነበረምና የተለመደውን እየገዛ፣ ጫፉን በድንጋይ እየሞረደ፣ ብሎን ላይ እየለካ፣ እንደገና እየሞረደ ለራሱ ሠራ። ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቁበትም የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም እየሰረቀ በየእጀታቸው አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረገባቸው። «በዚህ ቤት ጥፍሩን የሚቀባው ካቻቢቴው ነው» እያለች እናትየው ስንት ዘመን ቀልዳለች።

ግራሶን ያስተማራት ግን በቀዩ አይደለም። ቀዩን በመዳፉ ይሸፍንና ብሎኑን ካቻቢቴው ጫፍ ላይ ሰክቶ አግድም ይይዝላታል፤ ልኩ ከሆነ ብሎኑ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፣ ካልሆነ ዱብ ይላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላት ነበር፤ ያኔ ዓይኑ ደህና ነው። ለቦስም አንድ ሁለቴ ሊያሳየው ሞክሮ ነበር፤ ልጁ ብሎኑ ሳይወድቅ እሱ ወጥቶ ይሄዳል።

ቦስ በተረከበው ቁልፍ የአባቱን ሣጥን ከፍቶ ተወውና የራሱን አዲሱን ከፈተ። ካቻቢቴዎቹ በጥቁር ስፖንጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ካርቡሬተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከሁሉም የሚያምረውን፣ እጀታው ሰማያዊ የሆነውን መረጠ። ጎማ ታጥብ የነበረችው ግራሶ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ፣ ከአባቷ ሣጥን አንዱን ባለቀይ አውጥታ አቀበለችው።

«በዚህ ሞክረው፣ ይሄ ይሻልሃል።»

«በዚህ ሽማግሌ?» ሳቀ። «እጀታው እኮ ተሰንጥቋል። የኔን አየሽው? ዕድሜ ልክ ዋስትና አለው።»

«ብረቱን አይደለም የምልህ፣ ጫፉን...»

«እቱ፣ መስቀል መስቀል ነው። ሂጂ ጎማሽን እጠቢ።»

ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ሄደች። ወዲያው ድምፁ መጣ። ክርርክ። ትንሽ ድምፅ ነው፣ ጥርስ አሸዋ ሲያኝክ ያለው ዓይነት፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም። አባትየው ጉልበቱን ያሻሽ የነበረው እጁ ባለበት ቆመ። ሰምቷል። የትኛው ካቻቢቴ በየትኛው ብሎን ላይ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ አይቀርም። አንድ ቃል ቢናገር፣ «ተው» ቢል ይበቃ ነበር። ግራሶ ስፖንጅ በእጇ እንደያዘች ያንን ቃል ጠበቀች። ክርርክ አለ ደግሞ። አባትየው እጁን መልሶ ጉልበቱን ማሻሸት ቀጠለ፤ ፊቱንም ወደ መንገዱ አዞረ፣ መንገዱን የሚያይ ይመስል።

ቦስ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። የመጀመሪያው ብሎን ሲበላበት ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ ሁለተኛው ሲበላበት ወደ ሦስተኛው። ጆሮው ቀላ፤ ማፏጨቱን አቆመ። ባለቀዩ ካቻቢቴ ከክርኑ ሥር ነበር፣ ዓይኑም አንዴ አርፎበት ነበር፤ እሱን ማንሳት ግን እሷን መስማት ሆነበትና በፒንሳ ሞከረ። ፒንሳው ብሎኑን ስቶ የካርቡሬተሩን ሆድ ቧጨረው፤ ነጭ ጭረት ከዳር እስከ ዳር። ያን ጊዜ ቀና አለና እንደ ልጅ ዙሪያውን አየ። ግራሶ ያን አስተያየቱን ስታይ አንጀቷ ራራ፤ ወዲያው ደግሞ በራራው አንጀቷ ተናደደች።

«አንቺ» አለ አባትየው በመጨረሻ፣ ለሷ። «ሂጂና አዲስ ብሎን ግዢ።»

የመለዋወጫ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ሻጯ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ለብቻዋ የያዘች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት፤ ሞተር ሳይክል ነድታ ባታውቅም እያንዳንዱን ብሎን በስሙ ታውቀዋለች። ግራሶ ናሙናውን መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ የተበላውን መስቀል አየች።

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ቁልፉስ የታለ?» አንገቷን እያየች ነው። ግራሶ ባዶ አንገቷን በኮሌታዋ ሸፈነች። ሴትዮዋ ብሎኖቹን ከብልቃጡ እያወጣች መስቀላቸው አጠገብ ያለችውን ነጥብ አንድ በአንድ ታያለች። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። እኔ የነገርኩሽን ነገር አሁንም አልቀየርኩም፤ የኋላው ክፍል ባዶ ነው። ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ የሚሠራለትም እዚሁ ቢያገኝ ምን ይከፋዋል? ገቢውን ለሁለት እንካፈላለን። ቤተሰብ ነው ትያለሽ፣ ይገባኛል። ግን አንቺን ቤተሰብ ነሽ ያለሽ ማን ነው?» የመጨረሻዋን የተናገረችው ብሎኖቹን በወረቀት እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ነው። ግራሶ አመስግና ወጣች፤ መንገዱን ስትሻገር መኪና ጥሩምባ እስኪነፋባት ድረስ ልቧ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር።

ስትመለስ የሥራ አስኪያጁ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። አባቷ ግድግዳውን እየዳበሰ እስከ መግቢያው ድረስ መጥቶ ይጠብቃት ነበር። እርምጃዋን ለይቶ እጇን ያዘ።

«አንቺ ነሽ የፈታሽው በይ» አላት በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ካርቡሬተሩን አንቺ ነሽ የነካሽው። ወንድምሽ ዛሬ ነው የጀመረው። በጀመረበት ቀን አበላሸ ከተባለ አበቃለት፣ ነገ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ እናትሽንም ይገድላታል። አንቺ ከሆንሽ ግን ሰውየው ይስቅና ይተዋል። ሴት ናት ይላሉ፣ ያልፋል።»

«አንተስ አባዬ? አንተም ሴት ናት ትላለህ?»

የደፈረሱ ዓይኖቹን ጨፈነ። በዚህ ጋራዥ እንደሷ ያለ እጅ እንደሌለ ያውቃል፤ እጇን ያሠለጠነው እሱ ነው። ግራሶም የጠዋቱን ነገር ልታነሳበት፣ የትም አትሄድም ስትል ሰምቼሃለሁ ልትለው አሰበች። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። እጇን ግን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ከስልኩ ጋር እየተነጋገረ ሌላውን በዓይኑ የሚያዝ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቶ ካርቡሬተሩ ላይ ጎንበስ አለ። «ይሄን ማን ነው ያኘከው?» አለ። ድንጋይ የሚያስቀው የቦስ አፍ ተለጎመ፤ ወለሉን ያያል። እናትየው ከቤት በር ላይ ቆማ መጋረጃውን ጨብጣለች። ጋራዡ የግራሶን ድምፅ እንደሚጠብቅ እሷም አወቀች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰውየው አያት፤ ፊቷን ሳይሆን ጥፍሮቿን። ከዚያ ሳቀ። «ቦስ፣ ታዲያ ለሴት ልጅ ካቻቢቴ ትሰጣላችሁ?» ቦስም ሳቀ። መጀመሪያ ትንሽ ሳቀ፣ ቀጥሎ ከሰውየው እኩል ሳቀ፤ እፎይታ ነው ያሳቀው፣ ይህን ግራሶም አልጠፋትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ዳዋው ግን ሲመታ ቢያንስ አይጧ አብራ አትስቅም።

«ያበላሸችው እሷ ናት፣ እሷው ታስተካክለው» አለ አባትየው፣ ወደ ወንበሩ ተመልሶ።

እጀታው የተሰነጠቀውን ባለቀይ አነሳች። ጫፉን የተበላው መስቀል ላይ አድርጋ እጀታውን በመዶሻ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው፣ ወደ ውስጥ እንዲቆነጥጥ። ከዚያ የሰውነቷን ክብደት ሁሉ ጭና፣ ሳትቸኩል አዞረችው። ጠቅ አለ። ሁለተኛውም ጠቅ አለ። ሦስተኛው መስቀሉ ጨርሶ ስለጠፋ ራሱ ላይ በመጋዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቆርጣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አወጣችው። ካርቡሬተሩን አጥባ፣ ጭረቱ ከላይ ብቻ መሆኑን በጥፍሯ ዳስሳ አረጋገጠች፤ አዲሶቹን ብሎኖች ደግሞ አንድ በአንድ ካቻቢቴው ጫፍ ላይ አንጠልጥላ አግድም እየያዘች መለሰቻቸው። አንዱም አልወደቀም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ወደ ቦስ ዞረ። «አየህ፣ ቆመህ ስትቆጣጠራት እኮ ትሠራለች» አለው።

ካርቡሬተሩ ቦታው ተመልሶ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ድምፁ እጅግ የጠራ ስለነበር አባትየው ሳያስበው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰውየው ነድቶት እስከ ማዞሪያው ሄዶ ተመለሰ፣ ደስ ብሎታል። «ሁሉንም አመጣለሁ» አለ፣ ቦስን እየጨበጠ። «ግን አንድ ነገር። አንተ ራስህ በእጅህ ካልያዝከው አልስማማም። እሷ እንዳትነካብኝ።»

«ችግር የለም» አለ ቦስ።

ግራሶ አባቷን አየችው። አሁን፣ አሁን አንድ ነገር ይላል ብላ አየችው። ከእንግዲህ ነገሩ ተስቆ የሚታለፍ አልሆነም፤ ያ ተስፋ የሰጣት ጋራዥ፣ የልጅነት እጇ ያደገበት ጠረጴዛ፣ ሁሉም በዚያች አንድ ቃል ፊቷ ላይ እየተዘጋ ነው።

«እግዜር ይስጥልን፣ ጌታዬ» አለ አባትየው፣ ለሰውየው።

ምሳ ላይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እናትየው ቦስን እያገላበጠች ሳመችው። ቦስ ሰውየው እንዴት እንደጨበጠው፣ ሞተሮቹ ሲመጡ የት የት እንደሚቆሙ፣ በሩ ላይ የሚሰቀለው ማስታወቂያ ምን ቀለም እንደሚሆን ያወራል። ለእህቱም አሰበላት፤ «ምን ችግር አለው፣ አንቺ ከጓሮ ሆነሽ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ከፊት እቀበላለሁ። ማን ያያል?» አላት። ግራሶ ከሳህኑ ቀና ሳትል ስትቀር ቀልድ ፈለገ፤ መቼም ቀልድ አያልቅበትም። «ደግሞ እኮ ነቅቼባችኋለሁ! የጃፓን ከሆነ ቀይ ያለበትን ማንሳት ነው አይደል? በቃ! ዘመንሽን ሙሉ ሙያ ሙያ ስትዪን፣ ለካ ነገሩ የጥፍር ቀለም ነው።» እናትየው ከት ብላ ሳቀች። አባትየውም፣ ልጁ እንዳያፍር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ፈገግ አለ። ግራሶ ያቺን ፈገግታ አየቻት። የሰውየውን ሳቅ ችላው ነበር፤ ይህቺን አልቻለችም። እዚያው እንደተቀመጠች፣ ጉርሻዋን እንደጨበጠች፣ ነገ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ እንደምትሆን አወቀች።

ከሰዓት በኋላ ማንንም ሳታስቀይም ሥራዋን ሠራች። ጎማዎቹን ደረደረች፣ ወለሉን ጠረገች፣ የተበሉትን ብሎኖች ከጠረጴዛው ሥር ለቅማ ጣለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት ገብታ ከእናቷ መስታወት ሥር ጥጥና የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀውን የአሴቶን ጠርሙስ አመጣች። የአባቷን የመሣሪያ ሣጥን፣ ቦስ ከፍቶት እንደተወው፣ ወደ ወንበሩ አጠገብ ጎትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባለቀዮቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጥጡን አርሳ እጀታቸውን ታሻለች። ቀለሙ የቆየ ነውና መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ቀጥሎ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ ጥጡ ይቀላና እጀታው ባዶ ይሆናል። የጸዳውን ከተለመዱት፣ ጫፋቸው ከሾጠጠው ጋር ትቀላቅለዋለች። እጀታቸው ሁሉ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፣ እንጨታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ባለመስቀል ናቸው። አንድም አልሰረቀች፣ አንድም አልሰበረች። ብሎን አንጠልጥሎ መለካት ለሚወድ ሰው ሁሉም እዚያው ሣጥን ውስጥ አሉለት።

ሽታው ጋራዡን ሞላው። አባትየው ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ጥጡ እጀታውን ሲያሽ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ብረት ብረት ላይ ሲቀመጥ ያለውን ድምፅ አዳመጠ። ግራሶ እጇን አላቆመችም። ይጩህ ብላለች። ቢጮህ፣ ወንድሟን ቢጠራ፣ ቢያንስ ምን እያጠፋች እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እነዚህ ካቻቢቴዎች ማን እጅ ላይ ምን እንደነበሩ ሁሉም ይሰማል። ቦስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ከቤቱ በር ብቅ አለ።

«ምን ይሸታል? ቤንዚን ፈሰሰ እንዴ?»

«ቤንዚን አይደለም» አለ አባትየው ቀስ ብሎ። «እህትህ ጥፍሯን እያጸዳች ነው።»

«ግራሶ? ጥፍር?» ቦስ ከልቡ ሳቀ። «አቤት ጉድ! ሰማህ?» አለው በስልክ ለሚያናግረው ሰው፣ እየሳቀም ተመልሶ ገባ።

ግራሶ በሕይወቷ ጥፍሯን ቀብታ አታውቅም፤ ይህን ከአባቷ በላይ የሚያውቅ የለም። የያዘችው ጥጥ በጣቶቿ መሃል ደረቀ። ጠዋት ለወንድሟ ሲል አስዋሻት፣ አሁን ደግሞ ለሷ ሲል ዋሸ፤ የትኛው ይበልጥ እንዳመማት አታውቅም። አባትየው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ አጭሯን ካቻቢቴ አወጣና ወደተቀመጠችበት ዘረጋላት።

«ይቺም አለች» አለ።

ተቀበለችው። የዚችኛዋ ጠብታ ከሁሉም የቆየች ናት፣ ጠቁራ ቡኒ ሆናለች። ጥጡን ደግማ አርሳ እስክትለቅ አሸቻት፤ መለሰችለት። በአውራ ጣቱ ጠብታዋ የነበረችበትን ቦታ ፈለገ። ልሙጥ ነው። ጣቱን ደጋግሞ አመላለሰበት፣ ከዚያ ካቻቢቴዋን ኪሱ ውስጥ መልሶ ሰካት። ይቅር በይኝ ይላል ብላ ጠበቀች። እንዲላትም ፈለገች፤ ቢላት ልትቀር እንደምትችል ስለገባት ደግሞ እንዳይላት ፈራች። አላለም። ሣጥኑን ከደነችው፣ ጠርሙሱን ዘጋችው።

«ጠዋት ስትወጪ» አለ አባትየው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ፣ «በሩን ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ይጮሃል፤ እናትሽ ትነቃለች።»